የፎቶ ቤቱ ኮት

በደርግ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። መፈረም የማይችል የገጠር ደንበኛ የሚለየው በቁጠባ ደብተሩ ላይ በተለጠፈው ፎቶ ነው። ታዲያ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከተማችን የከተመው ፎቶ አንሺ፣ ገበሬውን ሁሉ ጢሙን አስላጭቶ፣ ያቺኑ አንድ ጥቁር ኮት አልብሶ፣ ከረባት አስሮ ነበር የሚያነሳው። ከአርጆም ይምጡ ከቢላ፣ ደንበኞቼ በደብተራቸው ላይ ሚኒስትር ነበሩ። እኔ ፊታቸውን ስለማውቅ ግድ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የአርጆ ደንበኛዬ መጡ። ጢማቸው አድጓል፣ ከስተዋል፣ ቡሉኮ ደርበዋል። ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ እሳቸው መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ ውጭ ገዝተው እንዲያመጡ ስለታዘዙ ገንዘብ ሊያወጡ ነው የመጡት። ክፍያውን የሚያጸድቀው ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተዛወረው አለቃችን ነው። ፎቶውን አየ፣ ሰውየውን አየ።

«ይኼ እሳቸው አይደሉም።»

«ኧረ ናቸው፤ እኔ አውቃቸዋለሁ» አልኩ።

«ያንቺ ማወቅ ለኦዲተር አይሆንም። ከገበሬ ማኅበራቸው ደብዳቤ ያምጡ።»

አርጆ ደርሰው እስኪመለሱ ባንኩ ይዘጋል፤ ማግስቱ ደግሞ እሑድ ነው። በሽተኛዋ እስከዚያ ምን ይሁኑ? በንዴት ጨስኩ። ሰውየው ግን ሳይከራከሩ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ መስኮቱን እንዳትዘጊ» ብለውኝ ወጡ።

ልንዘጋ ስንል ተመለሱ። ጢማቸው ተላጭቷል፣ አገጫቸው በችኮላ ተቆርጦ ይደማል፣ ኮቷን ለብሰዋል፣ ከረባቱም አለ። ፎቶ አንሺው «ኮቴን! ሰው ላነሳባት ነው!» እያለ ከኋላቸው ይሮጣል። መስኮቴ ፊት ቀጥ ብለው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ቆሙ። አለቃዬ ከት ብሎ ሳቀና ፈረመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱንም ወደድኩት።

በሽተኛዋ ዳኑ። ከሳምንታት በኋላ ባልና ሚስቱ አብረው መጡ። ባልየው ባለቤታቸውን ወደ መስኮቱ ቀረብ እያደረጉ፣ «የሷም ፎቶ ይለጠፍ፤ እሷም ታውጣ» አሉኝ።

«ገንዘቡ እኮ የአንድ ቤት ነው፣ ኦቦ። እርስዎ ካወጡ አይበቃም?»

«ያን ቀን የተኛሁት እኔ ብሆን ኖሮ፣ እሷን ማን ናት ብላችሁ ትከፍሏት ነበር?»

የሚስትየውን ስም የምሞላበትን ቅጽ አወጣሁ። እዚያ መስኮት ላይ በተቀመጥኩበት ዘመን ሁሉ ይህን የጠየቀኝ ባል እሳቸው ብቻ ናቸው።