የጌጫን ዝናብ ያጠፋሁበት ሥዕል

ዳይሬክተራችን አሳ አጥማጅ የሆነው ዕቃውን ከገዛ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ባለ መዘውር የአሳ ማጥመጃ ዘንግ፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያና ረጅም ቦቲ ይዞ መጣ፤ በማግሥቱ ቴፒ ውስጥ ስለ አሳ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ጠፋ።

እኔ የሥዕል መምህር ነበርኩ። ባለቤቴ ሚዛን ተፈሪ ስለምትሠራ ወደዚያ ለመዛወር የእሱ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት "ቀለምህን ይዘህ ና፤ አሳ ስይዝ ትስለኛለህ" ሲለኝ ተከተልኩት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ወንዝ ዳር አንድ የሸኮ ብሔረሰብ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በክርና በመንጠቆ ብቻ ያጠምዱ ነበር። ዳይሬክተሩ አይቷቸው ሳቀ። "አባባ፣ በዚህማ ዝንብም አይያዝ!" ሽማግሌው መንጠቆአቸው ላይ ትል ሰኩ። ዳይሬክተሩ የዘንጉን ክር ወረወረ፤ መንጠቆው የቡና ቅርንጫፍ ያዘ። ደግሞ ወረወረ፤ የራሱን ሰደርያ ያዘ። ሁለቱንም ጊዜ የፈታሁለት እኔ ነኝ።

እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው። ወደ ላይ፣ ወንዙ በሚመጣበት በጌጫ ደጋ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ ወርዷል። ወረቀቴን በውሃ አራስኩና ጥቁሩንና ሰማያዊውን አንድ ላይ ለቀቅኩት። ቀለሙ በራሱ ጊዜ ወደ ታች ፈሰሰ፤ ዝናብ ሆነ። እጄ እንደዚያ ቀን ታዞልኝ አያውቅም።

ዳይሬክተሩ እስከ እኩለ ቀን ምንም ስላልያዘ ሽማግሌው ያጠመዱትን ትልቅ አምባዛ "ለሥዕሉ ብቻ" ብሎ አነሳና ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ከዝናቡ ሥር በጥቂት መስመር ሳልኩት። ሽማግሌው መጥተው በትከሻዬ በላይ አሻግረው ሥዕሉን አዩ።

"ይሄ የጌጫ ዝናብ ነው" አሉ። "ትልቅ ነው። ውሃ ይመጣል፣ እንውጣ።"

"እዚህ ጠብታ የለም!" አለ ዳይሬክተሩ። "ከሥዕል ትሸሻላችሁ?"

ብዙ አልቆየም፤ ወንዙ አጉረመረመና ግንድ እየገፋ ደፍርሶ መጣ። ሽማግሌው ሮጠው በሰደርያው አንገት ያዙትና ወደ ዳገቱ ጎተቱት። ዘንጉና አንድ ቦቲው በዚያው ሄዱ። አሳውን ግን አልለቀቀም። አፉን የከፈተውም ለምስጋና አልነበረም።

"ዘንጌን እንኳ አትይዙልኝም?" አለን። አሳውንም ቤቱ ወሰደው።

ሰኞ ሥዕሉን ቢሮው አስገባሁ። ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው? እኔን አሳንሶኛል። ፀሐይ አድርግበት።"

"የውሃ ቀለም እኮ ተመልሶ አይጠፋም፣ ያበላሸዋል" አልኩት።

"እኔ ደግሞ ነገ ደብዳቤህን ልፈርም አስቤ ነበር።"

ያን ዕለት የትምህርት ቤቱን ወፍራም ነጭ ቀለም በዝናቡ ላይ ለቀለቅኩ፤ በላዩ ሰማያዊ ቀባሁ፤ ጥግ ላይ ሕፃን የሳላት የምትመስል ፀሐይ አስቀመጥኩ። ሰማዩ የተላጠ ግድግዳ መሰለ። ዳይሬክተሩ "አሁን ሥዕል ሆነ!" ብሎ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ አምባዛውን እንዴት እንደታገለ ያወራ ጀመር። ደብዳቤውን ግን አልፈረመም።

በሳምንቱ ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ቢሮው ሲገቡ እዚያው ነበርኩ። ስለ አሳው አልጠየቁም። ሥዕሉን ቀና ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ዝናቡስ?"

"የምን ዝናብ?" አለ ዳይሬክተሩ፤ እሱም አየኝ።

"ዝናብ አልነበረም" አልኩ።

ሽማግሌው ለአፍታ አዩኝ። አልተቆጡም። በትሕትና እጅ ነስተው ወጡ።

ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። ሚዛን ስገባ ባለቤቴ ማኅተሙን ደጋግማ እያየች ደስታዋን መያዝ አቃታት።

"ዳይሬክተርህ ምን ያለ ደግ ሰው ነው!" አለችኝ።

"ደግ ነው" አልኳት።