ከላይ የሚፈርም ጠፋ

ስቶክሆልም ውስጥ ባለ አነስተኛ መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጉኒላ እስክሪብቶዬን ተቀብላ እርሳስ ሰጠችኝ። አሮጌ ወረቀት አጠገብ ቀለም አይቀርብም። በባዶ ስሟ መጥራት ስላፈርኩ ቀኑን ሙሉ «ይቅርታ» እያልኩ ነው ያነጋገርኳት።

ሥራዬ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የሰፈሩ ስዊድናውያን ለአካባቢያቸው ሕግ አውጪዎች ያዘጋጇቸውን አቤቱታዎች እያነበቡ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነው። አንዳንዶቹን ሰፋሪዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘዋቸው መጥተዋል። ድልድይ ይሠራልን፣ መንገዱ በእኛ በኩል ይለፍ ይላሉ። ወንዝ ማዶ ያሉት ደግሞ በፍጹም አይለፍ ብለው ይጽፋሉ። መጻፍ የማይችል የመስቀል ምልክት ያኖራል፤ ጎረቤቱ ስሙን ከጎኑ ያሰፍርለታል።

አንዱን ስዘረጋው ከጠረጴዛው ተርፎ ወረደ። ብዙ ወረቀት ጫፍ ለጫፍ በሙጫ ተያይዟል፤ በየወረቀቱ አናት ላይ ያው ጽሑፍ በተለያየ ሰው እጅ ተገልብጧል። ጉኒላን ጠየቅኋት። ሰዎቹ ተራርቀው ስለሚኖሩ አንዱ ቅጂ በወፍጮ ቤት፣ ሌላው በቤተ ክርስቲያን ይዞር ነበር አለችኝ።

በዚያው ሰሞን፣ በከተማው ዳርቻ በምንኖርበት ቴንስታ ሰፈር ያለው የኢትዮጵያውያን አረጋውያን ማኅበራችን የሚሰበሰብበትን ክፍል ሊያጣ ሆነ። የወረዳው ምክር ቤት ክፍሉን ለሌላ ሊያከራየው አስቧል። አባቴንና እኩዮቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት የሚያወጣቸው ይህ ክፍል ብቻ ነው። የተማርሽ ነሽ ብለው አቤቱታውን እኔ ላይ ጣሉት። ጽፌ ቅዳሜ ወሰድኩላቸው።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ እትዬ አልማዝ እያሉ እኔ አልቀድምም አሉ። እትዬ አልማዝ ከመካከላችን ላሉት ቄስ አሳለፉ። ቄሱ ሰብሳቢው እያሉ ብለው መለሱት። ወረቀቱ ክፍሉን ዞሮ ባዶውን ተመለሰ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይፈርሙ እንጂ፤ የምክር ቤቱ ስብሰባ እኮ ሰኞ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ልጄ፣ እኔ ተሳፋሪ ሳይወርድ ወርጄ አላውቅም።»

«እንግዲያው ጋራዥ እስክንደርስ እንጠብቃቸው» አሉ እትዬ አልማዝ።

ሁሉም ሲስቁ ያ የተጣበቀ ወረቀት ትዝ አለኝ። ጎረቤት ካለው ቤተ መጻሕፍት ያንኑ ጽሑፍ ለእያንዳንዳቸው አትሜ መጣሁ። ክርክሩ በዚያው አበቃ። እያንዳንዱ በራሱ ወረቀት አናት ላይ ፈረመና ወደየሕንፃው ይዞት ሄደ። እትዬ አልማዝ በሕንፃቸው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ቆመው፣ ማሽን ሊከፍት የመጣውን ሁሉ አስፈረሙ። አባቴ ሊፍት ውስጥ ብቻ የሚያገኘውን የስዊድናዊ ጎረቤቱን በር ለመጀመሪያ ጊዜ አንኳኳ፤ ሰውየው ፈርሞ ሻይ ጋበዘው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቶቹን ሰብስበን በሙጫ አያያዝናቸው።

ሰኞ ጋሽ ታደሰና እትዬ አልማዝ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲዘረጉት ከአዳራሹ በር እስከ ምክር ቤቱ ሰብሳቢ ጠረጴዛ ደረሰ። ሰብሳቢዋ የመጀመሪያው ፈራሚ ማን እንደሆነ ጠየቀች። አስተረጎምኩ።

«ሁላችንም በያት» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

አልኳት። እየሳቀች መዘገበችው። ያን ዕለት ክፍሉ የማኅበሩ ሆኖ እንዲቀጥል ተወሰነ።

መዝገብ ቤታችን አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ስለ አቤቱታዎቹ ይህን እነግረዋለሁ፦ ፊርማ ስታሰባስብ ወረቀቱን አብዛው። በሌላው ፊት መቅደም የሚከብደው ሰው፣ የራሱ ወረቀት ሲሰጠው ይፈርማል።