ክዳኑ ላይ የለጠፍኳት ፀጉር

ጠዋት ዜናውን ሳየው አላመንኩም። ፌስቡክ ስንቱን በቁሙ ቀብሯል። ‹‹ጋሽ ዘርጋው አረፈ›› ብሎ የለጠፈው ልጅ ገጽ ገብቼ አየሁ። ፎቶው የድሮ ነው፣ መቼ እንዳረፈም አልጻፈም። ገጹ ተጠልፎ ነው አልኩ።

ስልኩ ላይ ደወልኩ። ያነሳችው ባለቤቱ እትዬ ወርቅነሽ ናት። ‹‹መምህር…›› አለች። ከኋላዋ መዝሙር ይሰማል። ያኔ እንኳ ‘ቸርች ሆና ይሆናል’ ብዬ አሰብኩ። እኔ እንዲህ ነኝ።

ሌሊቱን ደረቴን ብሎ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ ነው ያለፈው።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ዘርጋው ወልቂጤ ውስጥ አሉሚኒየምና መስታወት ቤት ነበረው። በርና መስኮት ይሠራል። የተረፈውን ቁርጥራጭ መስታወት ግን አይጥልም፣ በሲሊኮን እያጣበቀ ትንንሽ ሳጥን ይሠራና ውስጡ ጫካ ይተክላል። ከሥር ጠጠር፣ ከዚያ የደቀቀ ከሰል፣ ከዚያ አፈር። ከላይ ደግሞ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር፣ ከአረቅጥ ድረስ በፌስታል ተሸክሞ አምጥቶ። አንዷን ሳጥን ውሃ ሞልቶ ቅጠል ብቻ ተክሎባት ነበር። የገባ ደንበኛ ሁሉ ‹‹ዓሣው የታለ?›› ይለዋል። ‹‹ዓሣ የለም፣ ቅጠሉን እይ›› ይላል። ሰውየው ግን አያምንም፣ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል።

ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት የሥራ ቤቱ መስኮት ላይ ያስቀመጣት፣ እንደ ሳጥኖቹ አፈርና ቅጠል ያለባት አንዲት የማር ጠርሙስ ነበረች። ክዳኗ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምዝዟል። ‹‹ልጄን ከዳርኩ ጀምሮ አልከፈትኳትም›› ይላል። ያቺ ልጅ እኮ ሁለት ወልዳለች። ውሃ አይጨምርባት፣ አየር አያስገባባት፣ ቅጠሏ ግን ትናንት የተተከለ ነው የሚመስለው። ጠዋት ጠዋት መስታወቷን ያልባታል፣ ጠብታው ተመልሶ አፈሯ ላይ ይወርዳል። ክፈታት ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ‹‹ተዋት፣ ሥራዋን ታውቃለች።››

መተት ነው ብለው በመስኮቱ በኩል ማለፍ የተዉ ጎረቤቶች ነበሩ። እኔ መተት አላልኩም፣ ውሸት ነው አልኩ። የሚያሳፍረው የባዮሎጂ መምህር መሆኔ ነው። ውሃ ተንኖ ተመልሶ እንደሚወርድ ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሳልኩ አስተምራለሁ። ጠርሙስ ውስጥ ሳየው ግን አላመንኩም። አባቴ ጎጃም እያለሁ ደጋግሞ የነገረኝ ነገር ቢኖር ‹‹ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር›› ነው።

ያኔ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ተከራይቼ ነበር የምኖረው። አንድ አርብ ጋሼ ስልክ ሲያወራ አንዲት ፀጉሬን ነቀልኩና ግማሿን ክዳኑ ላይ፣ ግማሿን መስታወቱ ላይ በኮላ ለጠፍኳት። ከከፈተ ትበጠሳለች። ቅዳሜና እሁድ አልነበርኩም። ሰኞ ስመለስ ፀጉሯ የለችም።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሁለት ደንበኞች ፊት ‹‹ጋሼ፣ ትከፍታታለህ፣ ማስረጃ አለኝ›› አልኩት።

‹‹አልከፈትኳትም መምህር።››

ሜትሩን አንስቶ ወደ ሥራው ዞረ።

በዚያ ብተው ጥሩ ነበር። የትምህርት ቤታችን ሳይንስ ክበብ ጠርሙሷን ይዞ መጥቶ ለተማሪ እንዲያስረዳ ጋብዞት ነበር። ለዚያ ቀን ሸሚዝ አስተኩሶ ሰቅሏል። እኔ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ የፀጉሯን ነገር እያሳቅኩ አወራሁ። ግብዣው ቀረ። በሳምንቱ ጠርሙሷ ከመስኮቱ ተነሳች።

ሰላምታ አልነሳኝም። ወደ አገና ስዛወር ዕቃዬን ሚኒባስ ላይ አብሮኝ የጫነው እሱ ነው። ስለ ተክል ግን ዳግመኛ አላወራኝም። እኔ ደግሞ ዝምታውን ‘ተነቃበት’ ብዬ ተረጎምኩት።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው። ከቀብር መልስ እትዬ ወርቅነሽ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ጠርሙሷ ቁም ሳጥኑ ላይ ናት፣ እንደዚያው አረንጓዴ ሆና። ‹‹ቤቱ ሰው በሰው ነው፣ ይሰብሯታል። አንተ ውሰዳት›› አለችኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ክዳኑን ነው። ሳየው አየችኝ።

‹‹ያቺን ፀጉር የጠረግኳት እኮ እኔ ነኝ›› አለች። ‹‹ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱንም እሷንም በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ቆሻሻ መስሎኝ። ኋላ ያወራኸውን ስሰማ፣ ሄጄ ልንገረው አልኩት። ‘ተይው፣ ሥራውን ያውቃል፣ አንድ ቀን ራሱ ይመጣል’ አለኝ።››

አልመጣሁም። ከአገና ወልቂጤ ስንቴ ተመላልሻለሁ፣ በበሩ አልፌያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አልጠየቅኩም። ጓዳ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፣ ከሐዘኑ ይልቅ በሐፍረት።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ምንድን ናት አለኝ፣ ነገርኩት።

‹‹ውሃ መቼ መቼ ነው የምታጠጣት?››

‹‹አትጠጣም።››

‹‹አየርስ?››

‹‹አትከፈትም አልኩህ እኮ።››

ሰውዬው እኔን አየ፣ ክዳኑን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፣ የእኔ ናት።

ጋሼ፣ ይቅርታ ልልህ አስቤ ሳይሞላልኝ ቀረ ብዬ አልዋሽህም። ልክ ነኝ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አሁን ነው የምልህ፣ ስልክህን ሌላ ሰው በሚያነሳበት ቀን። ሰኞ ጠርሙሷን ይዤ ክፍል እገባለሁ፣ አንተ ልታስረዳ የነበረውን እኔ ላስረዳ። ‹‹ቲቸር፣ ይከፍቷታል›› የሚል አንድ ተማሪ አይጠፋም። እሱን አልቆጣውም።

ያቺን ሰኞ በደንበኞች ፊት የነገርከኝን ዛሬ እዚሁ ፌስቡክ ላይ በሰው ሁሉ ፊት እመልስልሃለሁ። ደህና ሁን ጋሼ። አልከፈትካትም።