የሮቦቱን እጅ የቀባ ሰው

ጃፓናዊቷ የሂሳብ መምህርት ሶዶን ለቃ ስትሄድ አንድ ወፍራም መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ሰጠችኝ። በጎ ፈቃደኛ ሆና መጥታ ሁለት ዓመት አብረን አስተምረናል፤ የተከራየነውም አንድ ግቢ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ነበር። ከክፍል ስንመለስ የአገሯን ፊደል ታስተምረኛለች። መጽሐፉ ድሮ የሮቦት ካርቱን የሠሩ ሰዎች ትዝታ ነው፤ ሠዓሊው፣ ድምፅ ሰጪው፣ ካሜራ ያዡ፣ ተመልካች ያላየውን ያወጉበታል። «ቀስ ብለህ አንብበው» አለችኝና በአዲስ አበባው አውቶቡስ ሄደች።

እሑድ ከቸርች መልስ ሰው ሁሉ ዘመዱ ቤት ይሄዳል። የእኔ ዘመዶች ያሉት ከሶዶ ራቅ ብላ በምትገኘው በበሌ ከተማ ነው። እኔም በራፌ ላይ ተቀምጬ ያን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። ማንም ተርጉምልኝ አላለኝም። ወላይትኛ ነው የቤቴ ቋንቋ፤ አማርኛን ያወቅሁት ተማሪ ቤት ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ከጃፓንኛ አውጥቼ፣ በወላይትኛ አስቤ፣ በአማርኛ እስካስቀምጠው ጀምበሯ ታዘቀዝቃለች። ለእኔ ደግ ነገር ነበር፤ ቀኑ ይመሽልኛል።

ከሁሉ የያዘኝ የአንድ ቀለም ቀቢ ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ሥዕል በስስ ፕላስቲክ ላይ በእጅ ይቀባል። የዚህ ሰው ድርሻ የሮቦቱ እጅ ነበር። በመጨረሻው ክፍል ሮቦቱ የጨበጠውን እጁን ፈትቶ ያዳነውን ሕፃን መሬት ላይ ያስቀምጣል ተባለ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ የሚያሳዩት ሥዕሎች ተቀብተው አለቁ። የሮቦቱን መጫወቻ የሚሸጠው ድርጅት ግን ገበያው ቀዘቀዘ ብሎ ድጋፉን አቆመ፤ ፊልሙ ሳያልቅ ከቴሌቪዥን ወረደ። ቀቢው ማንም ያላያቸውን ሥዕሎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰዳቸው።

ይህን ምዕራፍ ለአማርኛ መምህሩ አሳየሁ። አያቶቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ ሶዶ ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አስተማሪዎች ማረፊያ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«እዚህ ‹ቀባ› ትላለህ፣ ወረድ ብለህ ‹ጠቀለለች›። ለመሆኑ ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ።

ወንድና ሴት ማምታታቴን ያውቃሉ፤ ስንቴ አርመውኛል። ጃፓንኛው ሳይለይ እንደሚያልፈው ነገርኳቸው።

«አማርኛው አያልፈውም፣ ልጄ። ጠይቅ» አሉ።

ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ለጃፓናዊቷ መምህርት ጻፍኩላት። ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ፤ አንዳንዴ መስመር የለም፣ አንዳንዴ መብራት። መልሷ ሲመጣ አማርኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ።

«ሴት ናት። እናቴ ናት። እዚያ እያለሁ ሞተች። መጽሐፉን ማንበብ አልቻልኩም። አንተ ታነበዋለህ ብዬ ነው።»

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ጨርሰሃል ወይ ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳሁም። በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ስንኖር ስለ ውሃ፣ ስለ ተማሪዎች፣ እኛ ቦይና ስለምንለው ጎደሬ አቀቃቀል ስንቱን አውርተናል። አንድ ሰሞን በሯን ዘግታ ስትከርም ወባ ይዟታል ተብሎ ሎሚ ገዝቼ በራፏ ላይ አስቀምጬላት ነበር። ማመስገኗን አስታውሳለሁ። ሐዘን ተቀምጣ ኖሯል፤ ብቻዋን።

ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ሴት አድርጌ ጻፍኩት። ጋሼ ለምነውልኝ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በእረፍት ሰዓት አነበብኩት። ሜዳው ላይ ኳስ ይራገጣሉ፤ ግማሹ አልሰማኝም። ድምፅ ማጉያው ሥር ቆመው የነበሩ ጥቂት ልጃገረዶች ግን ደወሉ ተደውሎም እስክጨርስ አልሄዱም።

ጽሑፉን ላክሁላት። ምንም አላለችም። ስንት ክረምት አለፈ፤ እኔም ብጽፍ ኢሜይሉ ይመለስብኝ ጀመር። አንብባው ይሁን አይሁን አላውቅም።