«የሰው ያለህ» ብዬ የጮህኩ ቀን

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። እስካሁን መንገድ ላይ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ልቤ ድው ይላል።

የአክስቴ ልጅ ሰይድ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል፤ ሲያመቸው የፊልም ድርሰት ይጽፋል። የሚወደው ጠለፋና በቀል ያለበትን ነው፤ ደም ካልፈሰሰ ፊልም አይመስለውም። እኔ ደግሞ ሰው እንደ ሰው ካላወራ ጥዬ እወጣለሁ። በዚህ ስንነታረክ ነው የኖርነው። ያም ሆኖ ትወና ስለምወድ፣ ተጠላፊዋን ሆነሽ ሥሪልኝ ሲለኝ እሺ አልኩ።

የሚያውቀን እንዳይኖር ብለን ደሴ ወጣን። ፒያሳ ላይ ሰይድ ጠላፊ ሆኖ ወደ ባጃጁ ሊጎትተኝ፣ ጓደኛው ከካፌ በረንዳ በስልክ ሊቀርጸን ተስማማን። ድርሰቱ «ልጅቷ ‹እርዱኝ! እርዱኝ!› ትላለች፤ ሰው ቆሞ ያያል፤ ማንም አይደርስላትም» ይላል።

እንደተጻፈው «እርዱኝ!» አልኩ። አንዱ ዞር ብሎ አይቶን አለፈ፤ ሁለት ሴቶች ሳቁብን። ሰይድ እሰይ አለ፣ እኔ ግን በሸቅኩ።

«እስቲ ወሎ ውስጥ ማን ነው ‹እርዱኝ› ብሎ የሚጮህ? ከትርጉም ፊልም የለቀምከው ነው» አልኩት።

«እሺ አንቺ አዋቂ፣ እንዳሻሽ ጩኺ» አለኝ።

እንዳሻኝ ጮህኩ። «ኡኡ! የሰው ያለህ!»

አስፋልቱ ዳር ካልሲ ዘርግተው የሚሸጡ አንዲት እናት ዕቃቸውን ረግጠው መጡ። ሰዉ ከኋላቸው ግር አለ። ሴትዮዋ ከሰይድ ነጥቀው ሻርፓቸው ስር ሸሸጉኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይሉኛል። ሰይድ «ወላሂ ፊልም ነው!» እያለ ይምላል፣ ማን ሰምቶት። ሰዉ ሲደበድበው፣ ሲመኘው የኖረው ደም ከራሱ አፍንጫ ወረደ። የሚገድሉት መሰለኝ።

«እናቴ፣ ወንድሜ ነው፤ ይድረሱለት» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

ገላግለው አስለቀቁት። ጓደኛው የቀረጸውን ሲያሳያቸው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ኡኡታ ይቀለድበታል? ነገ የእውነት የምትጮህ ብትመጣ ማን ይነሳላት?»

ካልሲያቸውን እያራገፉ መልቀም ጀመሩ። ላግዝዎት ብል እምቢ አሉ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ሰይድ «ማንም አይደርስላትም» የሚለውን ሰርዞ «ፊልሜን ገደልሽው» ይለኛል። እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ያንን ጩኸት ያረከስኩት መሰለኝ።

ሰሞኑን ለጉዳይ ደሴ ወጥቼ በዚያው በፒያሳ ሳልፍ፣ ከሱቆቹ ጀርባ የሴት «ኡኡ!» ተሰማ። ሰዉ እርስ በርስ ተያየ። እኔም እግሬ ተሳሰረ። እኒያ እናት ግን ካልሲያቸውን ረግጠው እየሮጡ ነበር። እግሬ የተፈታው እሳቸውን ሳይ ነው፤ ተከትያቸው ሮጥኩ። አራስ ቤት ውስጥ ቡታጋዝ ተቀጣጥሎ መጋረጃው ይነዳል። እሳቸው ሕፃኑን አወጡ፣ እኔና ሌሎቹ ውሃ እየደፋን አጠፋነው።

ስንመለስ አተኩረው አዩኝ። «አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድንጋጤው አሁንም አለቀቀኝም። ግን የዚያን ዕለት ካልሲውን አብሬያቸው ስለቅም እምቢ አላሉኝም።