መርፌና ዶቃ

ራጅ ክፍላችን የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ብረት ካለብዎ ያውልቁ» የሚለውን የእኔን ድምፅ ነው። ቆዳ ላይ የምንለጥፈው፣ በራጅ የሚታየው ምልክት ያለቀብን ሰሞን ታዲያ፣ ሰው ላይ ምን ልለጥፍ ብዬ ስዞር ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ያለ ምልክት ሐኪሙ ከየት በኩል እንደሚቀድ በምን ያውቃል?

የሥጋ ቁራጭ ገዝቼ መርፌ ሻጥኩበትና ያገኘሁትን ሁሉ ላዩ ላይ እየለጠፍኩ ራጅ አነሳሁት። የሸሚዝ ቁልፍ ጭራሽ አልታይ አለ። ሳንቲም መርፌውን ሸፈነው። ሽቦማ ከመርፌው ጋር ተመሳስሎ ግራ አጋባኝ። ከነቀምቴ ገበያ ያመጣኋት የመስታወት ዶቃ ግን ጥርት ያለች ነጭ ነጥብ ሆና ወጣች።

በማግስቱ ከዲጋ አንዲት ልብስ ሰፊ መጡ። የስፌት መርፌ አውራ ጣታቸው ሥር ተሰብሮ ቀርቷል፤ አንድ ጊዜ ተቀዶ አልተገኘም። ሐኪሙ ሁለተኛ በጭፍን አልነካም፣ ጅማቱን ብቆርጠው ጣቱ አይታጠፍም ብሏል። የሚኖሩት ደግሞ በዚያ እጅ ነው።

እንዲገባቸው ብዬ በኦሮምኛው «አዴ፣ ጨሌ ልለጥፍልዎ» አልኳቸው።

እጃቸውን መነጨቁ። «ላኪ» አሉ፣ ተዪ ማለታቸው ነው፤ «አይሆንም! እናቴ ጌታን ስትቀበል ያቃጠለችውን ጨሌ እኔ ላስር?»

ወይ ጣጣ! ለካ ዶቃ ያልኩ መስሎኝ ለመንፈስ አምልኮ የሚታሰረውን ጨሌ ጠርቻለሁ። «ኧረ በፈጠረዎ፣ መስታወት እኮ ነው! ጣትዎ ከሚቀር?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ይቅር» አሉኝ።

ዶቃዋን መዳፌ ላይ አድርጌ ሳሳያቸው «መስታወት ከሆነ ልስበረው፤ ድንጋይ አምጪ» አሉ። ድንጋይ አመጣሁላቸው። በግራ እጃቸው አንዴ መቱት፣ ደገሙት፣ ከዚያ ስብርባሪውን አገላብጠው አዩና «አሁን ጨሌ አይደለም» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ከሥር ፕላስተር አድርጌ አንዷን ፍንካች ጠባሳው ላይ ለጠፍኩ። ከፊትም ከጎንም አነሳሁ። መርፌው ከፍንካቿ ወደ እጅ አንጓቸው ወረድ ብሎ ተጋድሞ ነበር፤ የፊተኛው ቀዶ ጥገና ከላይ ሲፈልገው ኖሯል።

ሐኪሙ በምልክቷ ተመርቶ ቀደደ፤ መርፌው ወጣ። የቁስሉ ስፌት የተፈታ ዕለት ሴትዮዋ ወደ እኔ ክፍል መጥተው በዚያው እጅ ክንዴን ጨበጡኝ። አውራ ጣታቸው ታጥፎ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። አመመኝ። ልቀቁኝ አላልኩም።