ለሁለታችን የመረጥኩት ራኬት

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ እሷ ጂኦግራፊ። ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ናቸው፤ እኔ ዝም ስል የእሷ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። የተዋወቅነው ግን ከክፍል ውጭ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት አዳራሽ አለ፤ እዚያ ውስጥ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ቆሟል። ተዛውሬ በመጣሁ ሰሞን በዚያ ሳልፍ ኳስ ሲነጥር ሰማሁና ገባሁ። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አስጠግታ ብቻዋን ትጫወታለች።

«ትችያለሽ?» አለችኝ ዘወር ሳትል።

«ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እሞክር ነበር።»

«እንግዲያው ያዢ» ብላ ጎማው የተላጠ ራኬት አቀበለችኝ።

በዚያን ቀን አሸነፍኳት። በማግስቱም። እሷ ግን ተስፋ የምትቆርጥ ሰው አይደለችም። ከትምህርት በኋላ ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ እስኪመጣ እንጫወታለን፤ ከዚያ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለችው ሴትዮ ቤት ገብተን ትኩስ ቦይና፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ በዳጣ በርበሬ እንበላለን። እሷ ጴንጤ ናት፤ እኔ ጾም ስይዝ ግን እሷም አብራኝ ከሥጋ ትቆጠብ ነበር፣ ለብቻዬ እንዳልበላ ብላ። ልጄን የወለድኩ ጊዜ ክፍለ ጊዜዬን ተካፍለው ከሸፈኑልኝ መምህራን አብዛኛውን የያዘችው እሷ ናት። አባቷ ያረፉ ጊዜ ደግሞ እኔ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ተበላ ወርጄ ለቅሶው እስኪያልቅ ከእናቷ ጋር ተቀምጫለሁ። እህት የለኝም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን አለችኝ እል ነበር።

ባለፈው ዓመት የስፖርት መምህሩ ወደ መምህራን ማረፊያ ገብቶ፣ የመምህራን ውድድር አርባ ምንጭ ላይ ሊካሄድ መሆኑን ነገረን። ከእኛ ትምህርት ቤት በሴቶች ጠረጴዛ ቴኒስ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁሉም ዞሮ እኛን አየ። እኛም ተያየንና ሳቅን።

«እርስ በርስ ተጫውታችሁ ያሸነፈችው ትሄዳለች» አለ የስፖርት መምህሩ።

የትምህርት ቤቱ ራኬቶች ግን ለውድድር የሚሆኑ አልነበሩም። ጎማቸው ተላጥቶ በማስቲሽ ተለጣጥፏል፤ ኳሱን ሲመቱት እንደ ጣውላ ይጮኻሉ። ስለዚህ የየራሳችንን ለመግዛት ወሰንን። ማጣራቱን እኔ ወሰድኩት። እንዲህ ያለ ነገር እወዳለሁ፤ ሸሚዝ እንኳ ስገዛ ሦስት ሱቅ ሳልዞር አልመለስም።

ሥራው እንዳሰብኩት ቀላል አልነበረም። ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የስፖርት ዕቃ ሱቅ ያለው ተገጣጥሞ የሚመጣው የቻይና ራኬት ነው፤ ፊቱ ላይ ኮከብ ተደርድሮበታል፣ ኮከቡ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ግን በቴሌግራም የሚያሳዩት ሌላ ዓለም ነው። የስዊድኑ አለ፣ የጀርመኑ አለ፣ የጃፓኑ አለ። እንጨቱ ለብቻው ይሸጣል፣ ቀዩ ጎማ ለብቻው፣ ጥቁሩ ጎማ ለብቻው። ዋጋ ስጠይቅ አንዱ «በውስጥ መስመር» ይለኛል፣ ሌላው «የመጨረሻው ስንት ነው?» ስለው መልስ ሳይሰጠኝ ይጠፋል። ዛሬ የሰማሁት ዋጋ በሳምንቱ ይቀየራል፤ «ዶላር ጨምሯል» ይሉኛል። አንድ የጃፓን ስም የተለጠፈበት ራኬት ሌላው ከሚለው ሲሶ በሚያህል ዋጋ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ሳጣራ፣ አስመስለው የሠሩት መሆኑን ደረስኩበት። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ። የጀርመኑ ጎማ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። የጃፓኑ እንጨትና ጎማ ሲደማመር የአንድ ወር ደሞዜን ጠቅልሎ ይወስዳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። የስዊድኑ እንጨት በቻይና ጎማ ቢለበጥ ደግሞ ግማሹን ያህል ዋጋ አውጥቶ ከጃፓኑ ብዙም የማያንስ ነገር ይሆናል። ይህንን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። አንድም ነጋዴ አልነገረኝም።

የደረስኩበትን ሁሉ ማታ ማታ በስልክ እነግራታለሁ፣ እሷም ትጠይቀኛለች። ጎማው ለምን ይወፍራል? ቀዩ በየት በኩል ይሁን? የቻይናው የትኛው ነው የሚለጠፈው? አንድም ሳላስቀር አስረዳኋት። ዕቁቤ በዚያ ወር ወጥቶልኝ ነበርና የስዊድኑን እንጨት ላዝ ስል፣ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ።

«ስሚኝማ» አለችኝ። «አንቺ ይሄን ስትገዢ እኔ አልችልም። አንቺ በጥሩ ዕቃ፣ እኔ በተላጠ ዕቃ ተጫውተን ብትሄጂ ደስ ይልሻል?»

«አይለኝም።»

«ሁለታችንም ያንን የመናኸሪያውን ቻይና እንግዛ። አንድ ዓይነት ራኬት። ማናችንም ብናሸንፍ በእጃችን ይሆናል፣ በዕቃ አይሆንም።»

እውነቱን ለመናገር ኮራሁባት። እኔ ያላሰብኩትን እሷ አሰበችው አልኩ። በዚያው ቅዳሜ አብረን ወርደን ሁለት አንድ ዓይነት ራኬት ገዛን፤ እንዳይቀያየርብን እሷ የራሷ እጀታ ላይ በእስክሪብቶ ትንሽ ምልክት አደረገች። የተረፈውን የዕቁብ ብር ለቤቴ ጣሪያ አዋልኩት። አንድም ቀን አልቆጨኝም ነበር።

ፍልሚያችን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ እሷ እናቷን ልትጠይቅ ተበላ ወረደች፤ እኔ ደግሞ ለልምምድ የሚሆን ኳስ ለመግዛት ወደ መናኸሪያው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ጠና ያሉ ሰውዬ ናቸው። አማርኛቸው ሲቸኩሉ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ያደርገዋል።

«ቲቸር፣ እንኳን መጣህ» አሉኝ። «ጓደኛህ ያዘዘው ዕቃ ከአዲስ አበባ ደርሷል። ስልኩን አያነሳም።»

የስፖርት መምህሩን የሚሉ መስሎኝ ነበር። «እሱ ዛሬ ቦምቤ ነው ያለው» አልኳቸው።

«እሱ አይደለም። ያ የጂኦግራፊ ቲቸር። አብራችሁ የመጣችሁት፣ ቀጭኗ።» ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን አወጡ። «ተበላ ነኝ፣ በሚኒባስ ላክልኝ ብላ ነበር። ዕቃው ውድ ነው፣ ለረዳት መስጠት ፈራሁ። ይሄን ዕቃ ሶዶ ላይ የጠየቀኝ ሰው የለም። የስዊድን እንጨት፣ የቻይና ጎማ፣ ቀይና ጥቁር፣ ውፍረቱን ሳይቀር ነግራኛለች። በደንብ ታውቃለች።»

ካርቶኑን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም፤ አደርስላታለሁ ሳልላቸው አልቀርም፣ ምክንያቱም አመሰገኑኝ። ኳሱን ሳልገዛ ወጣሁ።

የተበላው ሚኒባስ እስኪሞላ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ምናልባት ለእኔ ይሆናል አልኩ። የቆጨኝ መስሏት፣ ሳልጠብቅ ልትሰጠኝ አስባ ይሆናል። እሷ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ታደርጋለች። ከከተማ ወጥተን መንገዱ ወደ ቆላው ማዘቅዘቅ ሲጀምር ግን አላስቻለኝም፣ ካርቶኑን ከፈትኩት። እጀታው ወደ ታች ሰፋ የሚለው ዓይነት ነበር። እኔ ቀጥ ያለ እጀታ ካልሆነ አልይዝም፤ ይህንን ከእኔ እኩል ታውቃለች። መልሼ ዘጋሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ዶሮ ይዘው ነበር፣ «ታመምሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሙቀቱ ነው አልኳቸው።

ተበላ የገበያ ቀን ነበር። በሰዉ መሐል ተሹለክልኬ ቤታቸው ስደርስ እናቷ ደጅ ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ። ሲያዩኝ ሥራቸውን ጥለው ተነሡ፣ በወላይትኛ እየመረቁ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። እሷ ድምፄን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ካርቶኑን አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ዕቃሽ ደርሷል» ብዬ ሰጠኋት።

ተቀበለችኝ፣ አልከፈተችውም። ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች።

እናቷ ምንም አያውቁም። አስገብተው አስቀመጡኝ፣ ሳልበላ እንደማልሄድ ነገሩኝ። ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝና አጠገቤ ተቀመጡ። «የመረጥሽላት አንቺ ነሽ አሉ» አሉኝ በአማርኛ፣ ለእኔ ሲሉ። «ነግራኛለች። ጓደኛዬ ባትኖር እኔ ስለ ራኬት ምን አውቄ አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» እሷ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውጭ ታያለች። እኔም እጎርሳለሁ። በሴትዮዋ ፊት ምን ማለት ይቻላል? ሐዘን የተቀመጥኩበት ቤት ነው። ያቀረቡልኝን ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ተሰናበትኩ።

እስከ መኪናው ልሸኝሽ ብላ ተከትላኝ ወጣች። ገበያውን አለፍን። ከዚያ እኔ ቆምኩ።

«መቼ አዘዝሽው?»

«ቻይናውን የገዛን ሳምንት።»

«ከመግዛታችን በፊት ነው ከገዛን በኋላ?»

 «በፊት» አለች።

«ታዲያ ያ ሁሉ ንግግር ምን ነበር? በእጃችን ይሆናል፣ በዕቃ አይሆንም ያልሽኝ?»

«አንቺ በማንኛውም ታሸንፊኛለሽ» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «በተላጠው ታሸንፊኛለሽ፣ በቻይናው ታሸንፊኛለሽ። በስዊድኑማ ምን ልታደርጊኝ ነው? በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እውነተኛ ጨዋታ አሸንፌሽ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ ፈለግኩ።»

«ብትነግሪኝ እኮ እተውልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ።»

ይህ መልስ ዛሬም ድረስ ውስጤ አለ።  ውሸቷን ይቅር ማለት የምችል ይመስለኛል፤ ሰው ይዋሻል። ያቃተኝ ሌላው ነው። ማታ ማታ በስልክ ልጄን አጠገቤ አስተኝቼ ስለ ጎማ ውፍረት ስተርክላት፣ እሷ በዚያኛው ጫፍ ሆና ለራሷ እየመረጠች ነበር። የምጫወተው ከጓደኛዬ ጋር መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከእኔ ጋር እየተጋጠመች ነበር፣ ሳታስታውቀኝ።

«ባልመጣ ኖሮ በዕለቱ ምን ልትይኝ ነበር?» አልኳት።

«ከአጎቴ ልጅ ተዋስኩ ልልሽ ነበር።»

ረዳቱ «ሶዶ፣ ሶዶ» እያለ ይጣራል። ገባሁ። በመስኮት አላየኋትም።

ፍልሚያው በሳምንቱ ተካሄደ። የስፖርት መምህሩ ሁለቱን ራኬቶች አየና እኔን ገለል አድርጎ «ይሄን ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። በደንቡ የሚከለክል ነገር የለም፤ ያፈረሰችው የእኛን የሁለታችንን ቃል ነው፣ ለእሱ ደግሞ ዳኛ የለም። መምህራኑ ወንበር ይዘው ተሰብስበዋል፣ ተማሪዎች በመስኮት ይመለከታሉ።

መጀመሪያ ላይ አዲሱ ራኬት ፈጠነባት፣ ኳሷ ሁሉ ከጠረጴዛው አለፈች፤ የመጀመሪያውን ዙር በቀላሉ ወሰድኩ። ከዚያ እጇ ለመደው። የምትልከው ኳስ ተሽከርክሮ ይወርዳል፣ ራኬቴን ሲነካ ወዳላሰብኩት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ኳስ ለመመለስ የተጋጣሚን እጅና ፊት ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ የእሷን ፊት ለዓመታት አንብቤዋለሁ። በዚያን ቀን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። መረቡን እያየሁ ነው የተጫወትኩት። አሸነፈችኝ። መምህራኑ አጨበጨቡ። ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ጨበጥኳት። ደስታ ፊቷ ላይ አላየሁም። ላየው የፈለግኩ ይመስለኛል፣ ደስ ብሏት ቢሆን ኖሮ መጥላት ይቀልለኝ ነበር።

አርባ ምንጭ ሄዳ መጣች። እንዴት እንደሆነላት ከሌሎች ሰማሁ፤ ሁለተኛው ግጥሚያ ላይ ወድቃለች። እኔ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ የፈተና ወረቀት እንቀባበላለን፣ ስለ ተማሪዎች እንነጋገራለን። በመካከላችን የሆነውን ማንም አላወቀም ብል ማጋነን አይሆንም። አዳራሹን ለእሷ ተውኩላት፤ እሷም መሄድ ማቆሟን በቅርቡ ዘበኛው ነግሮኛል። እኔ አሁን ዱቦ ሆስፒታል ከሚሠሩ ነርሶች ጋር አልፎ አልፎ እጫወታለሁ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ራኬት የቱ ይሻላል፣ ዋጋው ስንት ነው ሲሉኝ ግን የማውቀውን ሁሉ አልነግራቸውም፤ ሱቁን ብቻ አሳያቸዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበርኩም።

በዚህ በማንጎ ወቅት አንድ ቀን የተበላ ሚኒባስ ረዳት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጆንያ ይዞ ጠበቀኝ። እናቷ ናቸው የላኩልኝ። ክፍሌ ገብቼ ደውዬ አመሰገንኳቸው። ደስ አላቸው፣ ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ቤቴ ጣሪያ ጠየቁኝ።

«መቼ ነው ሁለታችሁ አብራችሁ የምትመጡት?» አሉኝ።

«በቅርቡ፣ እማማ» አልኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በግድግዳው በኩል የእሷ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ስለ ስምጥ ሸለቆ እያስተማረች ነው። ማንጎውን ግማሹን አውጥቼ በሌላ ከረጢት አደረግኩና ለዘበኛው ሰጠሁት። ለማን እንደሚሰጥ ነገርኩት፣ ከማን እንደሆነ ግን አትናገር አላልኩትም።